ለአባዬ ያመጣሁት እንቅልፍ

ከአጥራችን ማዶ ያለችው ጎረቤቴ አልጋነሽ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደርጋ ከተመለሰች ወዲህ በሰፈራችን የባጃጅ ድምፅ አልቋረጥ ብሏል። አንዱ ጠያቂ ሲያወርድ ሌላው ጠያቂ ይጭናል። የንፋስ መውጫ ሕዝብ እንደ ነፋሷ ነው፤ አንድ ሰው ታመመ ከተባለ ሁሉም ወደዚያው ይነፍሳል።

ትናንት ጧት ልጄ ሰላም ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመችና «እማዬ፣ ማታ ለእትዬ አልጋነሽ ምን ይዤ ልግባ? ጁስ ይሻላል ሙዝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ጁሱም ሙዙም ቤቷ ሞልቷል» አልኳት።

«ታዲያ ባዶ እጄን ልሂድ?»

«ባዶ እጅሽንማ አትሄጂም። ቆይ፣ እስቲ ላስብበት።»

እሷ ሄደች። እኔ ሽሮ ልነፋ ወንፊት ይዤ እንደተቀመጥኩ ሐሳቤ ሳላውቀው አገር አቋርጦ አባዬ ዘንድ ደረሰ።

ያኔ መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቼ የምማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ፣ በእግር ግማሽ ቀን ያህል ይርቃል። አባዬን አገሩ ሁሉ አያ ካሴ ይላቸው ነበር። ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬ ይሁኑ እንጂ ስማቸው የተሰማው በሽምግልናቸው ነው። ድንበር የተገፋበት፣ ሚስቱ አኩርፋ የሄደችበት፣ በሬው የሰው ቡቃያ የበላበት ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው። ተጣልተው የመጡትን አስቀምጠው በቅድሚያ ያስቋቸዋል። «የሣቀ ሰው ግማሹን ይቅር ብሏል» ይሉ ነበር። ራሳቸውም ሲሥቁ ከሆዳቸው ነው፤ ሣቃቸው ከቤት ወጥቶ አውድማው ድረስ ይሰማል።

ያን ዓመት ገብስ በሚወቃበት ሰሞን ይኸው ሆዳቸው ከዳቸው። አውድማው ላይ ቁርጠት ጀመራቸው፤ በማግሥቱ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ እየተፈራረቁ ተሸክመው መካነ ኢየሱስ አደረሷቸው፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ታቦር ገቡ። አንጀታቸው ተጠማዞ ኖሯል። ሐኪሙ ሆዳቸውን ከፍቶ የተበላሸውን ቆርጦ ጣለ፣ ደህናውን ከደህናው ሰፋው። እኔ ያየኋቸው ቃሬዛው በከተማው ሲያልፍ ብቻ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው በእኔ ላይ አርፎ እኔን አላየኝም። ያን ዕለት አባት እንደሌላት ልጅ ሆኜ አደርኩ።

እግዜር ይመስገን ተረፉ። ወደ ቤታቸው ገቡ የሚለው ወሬ ሲደርሰኝ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና እያለቀ ነበር። ትምህርት እንደተዘጋ በቀጥታ ገበያ ወጣሁ። ምን ልውሰድላቸው? ማር አሰብኩ፤ ማር ግን ከአገር ቤት ወደ ከተማ ይመጣል እንጂ ከከተማ ወደ አገር ቤት አይሄድም። ስኳር አሰብኩ፤ ስኳር ለልቅሶ ቤትም ለአራስ ቤትም የሚወሰድ፣ ስም የሌለው ነገር ሆኖ ታየኝ። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ዳሰስኩ፤ እማዬ የፈተለችው ጋቢ አጠገብ ሲያፍር ታየኝ። በመጨረሻ ብርቱካን ገዛሁ። በእኛ ደጋ ብርቱካን አይበቅልም፣ ለታመመ አፍም ደስ ይላል ብዬ። ግን እየገዛሁትም ልቤ ሙሉ አልነበረም። ከሞት አፍ ለተመለሰ አባት ብርቱካን!

ጥር ነው። አዝመራው ገብቶ እርሻው ገላጣ ሆኗል፤ ከብቱ ገለባው ላይ ተለቋል፤ በየአውድማው የጭድ ክምር ቆሟል። አዲስ ጭድ ፀሐይ ሲያገኘው የሚሸተው ሽታ አለው፤ እኔ እስከ ዛሬ ከሽቶ አስበልጠዋለሁ። የጉና ብርድ ከኋላ እየገፋኝ፣ መንገድ ዳር ካለ ምንጭ በሶዬን በጥብጬ ጠጥቼ ቁልቁለቱን ጀመርኩት። የሚያስገርመው መንገዱ ላይ የማገኘው ሰው ብዛት ነበር። ሁሉም ሰላምታ ከሰጠኝ በኋላ የሚለኝ አንድ ነገር ነው።

«አያ ካሴን ልትጠይቂ ነው? እኔም ከዚያው እየመጣሁ ነው። እግዜር ይማራቸው።»

በመጀመሪያ ኮራሁ። አባቴ ስንት ወዳጅ አለው አልኩ። ቤት ስገባ ነው ነገሩ የገባኝ።

ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰው ሞልቶበታል። አባዬ መደቡ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጋቢ ደርበው፣ የታጠፈ ኩታ በሁለት እጃቸው ሆዳቸው ላይ ጫን አድርገው ይዘዋል። አንዱ ጠያቂ «በቀኝ በኩል ፊት ፊቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ወንዙ ጋ ስንደርስማ በቃ አልቋል ብዬ ነበር» ይላል። ሌላው «የለም፣ ወንዙን ስንሻገር አንተ ደክመህ እኔ ተቀብዬሃለሁ» ይላል። አባዬ የራሳቸውን ሞት እንደ አዲስ እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዲት ሴት «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ ይጉረሱልኝ» ትላለች። አንድ ቀልደኛ ጎረቤት ቀልድ ጣል ሲያደርግ ቤቱ በሣቅ ይሞላል፤ አባዬም ላለመሣቅ ጥርሳቸውን ነክሰው ኩታውን ወደ ሆዳቸው ይጫኑታል። በማዕዘኑ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ተጋድመዋል፤ የማር ቅሉ፣ ዳቦው፣ የእንቁላሉ ሰፌድ ተደርድሯል። ብርቱካንም ነበር። የእኔን በሰው ብርቱካን ላይ ጨመርኩት።

በማግሥቱ ጧት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ፋሻቸውን እኔ ቀየርኩላቸው። ስፌቱ በላይ በኩል ደርቋል፤ በታች በኩል ግን ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል።

«አባዬ፣ ሐኪሙ ምን ብሎዎት ነበር?»

«ተኛ አለኝ። ቀና ጎንበስ አትበል፣ አትሣቅ፣ በትንሽ በትንሹ ብላ አለኝ። ይህ ስፌት ከተከፈተ ሁለተኛ መስፋት ይከብደኛል አለ።»

«ታዲያ ለምን አይተኙም?»

ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ እኔን ተሸክሞ ያን ሁሉ አቀበት የወጣ ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ጀርባዬን ልስጠው?»

ፋሻውን ጠምጥሜ ስጨርስ «የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ» አልኳቸው። «የያዝኩልዎት ብርቱካን እንደሆነ እዚህ ሞልቷል።»

እማዬ እንዳትሰማቸው ወደ ማጀቱ አዩና፣ እንደሚያሳፍር ነገር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንቅልፍ» አሉኝ። «ትርንጎ፣ እንቅልፍ ብታመጪልኝ።»

እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ገበያ የለ፣ ሱቅ የለ። በእኛ አገር ደግሞ የታመመን ሰው ደጅ መዝጋት ነውር ነው። ጠያቂ ከደጁ የተመለሰበት ሰው ቢሞት ቀባሪ ያጣል ይባላል። ሰዎቹም የሚመጡት በክፋት አይደለም፤ ወድደው ነው። ፍቅራቸው ግን አባቴን ሊገድልብኝ ነው። ውጭ ወጥቼ ጭዱን ተደግፌ ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ነው ሰርግ ትዝ ያለኝ። ሰርግ ሲሆን ቤት ስለማይበቃ ደጅ ላይ ዳስ ይጣላል፤ ማንም ዳስ ውስጥ በመቀመጡ ተናቅሁ አይልም። ለሰርግ የሚጣል ዳስ ለሕመም የማይጣልበት ምክንያት ምንድነው?

ሐሳቤን ለወንድሜ ለአደመ ነገርኩት። እሱ ነገር አያበዛም፤ መጥረቢያውን አንሥቶ ባሕር ዛፍ ሊቆርጥ ሄደ። ከግቢያችን በታች፣ ከሦስት አቅጣጫ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙበት አንድ ወይራ አለ፤ እሱን ተደግፈን ዳሱን አቆምን፣ በቅጠልና በጭድ ከደንነው። እማዬ መጥታ ስታየን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንቺ ልጅ፣ አገር ምን ይለናል? ካሴ ደጁን ዘጋ ይበለን?»

«ደጁ አልተዘጋም እማዬ። ወደ ታች ወረደ እንጂ።»

«በቃ ተማርኩ ብለሽ ልታዋርጅን ነው!»

ልቧ የተሰበረው በሰው ፊት ያዋረድናት ስለመሰላት መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ዳሱ ከቤቱ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ እንዳይሆን አደረግሁ። ምርጥ ምርጡን አጎዛ አነጠፍኩ። የጠላውን ገንቦ አወረድኩ። ትኩስ የገብስ ቆሎና የባቄላ አሹቅ በሰፌድ አቀረብኩ፤ ጠያቂ ያመጣውን ዳቦ ለጠያቂ ቆረስኩ። ከሁሉ በላይ ግን ለጠያቂዎቹ አንድ ነገር ቃል ገባሁላቸው። «መልእክታችሁን ለእኔ ስጡኝ፤ ሲነሡ አንድም ቃል ሳላጎድል አደርስላችኋለሁ።» በቃል መያዝ ልጅነቴን ሙሉ ይቀናኝ ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅመኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቆሎውን እየቆረጠሙ «የዘንድሮ ትምህርት ደጅ መከልከል ነው እንዴ የሚያስተምረው?» አሉ፤ እማዬ ሰምታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም አንገቴን ደፍቼ ጠላ ቀዳሁላቸው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወደ ቤት ወጥቼ በሩን በቀስታ ገፋሁት። አባዬ በጎናቸው ተጋድመዋል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። ያንኮራፋሉ። እማዬን በእጄ ጠራኋትና ሁለታችን ደጃፉ ላይ ቆመን፣ እንደ ዜማ አዳመጥነው። እማዬ ከዚያ ወዲያ ስለ አገር አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ወደ ማታ ነቅተው ትንሽ አጥሚት እንደጠጡ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የመጣውን ሰው በየተራ፣ አነጋገሩን ሳይቀር አስመስዬ ነገርኳቸው። ማን እንዳለቀሰ፣ ማን ስለት እንደተሳለላቸው፣ ማን ቃሬዛውን በቀኝ እንደያዘ፤ በቀኝ ያልያዘ ሰው አልነበረም! እሳቸው ተጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። ሲደክማቸው አቆማለሁ። ከሰው አልተነጠሉም፤ ሰው ሁሉ በልካቸው ይገባላቸው ጀመር።

ነገሩ ተለመደ ስንል እትዬ የሻረግ መጡ። እትዬ የሻረግ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው ስትሞት አባዬን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ። የመሪጌታ ሚስት ሆነው ጋይንት ውስጥ ከቤተ ልሔም ደብር አቅራቢያ ነው የሚኖሩት። ወሬው ዘግይቶ ደርሷቸው፣ መንገድ ላይ አድረው፣ በበቅሎ መጡ። አንደበታቸውን የማይፈራ ዘመድ አልነበረንም። ከሩቅ ሳያቸው ነጠላዬን አስተካከልኩ። እሳቸው ግን ገና ዳሱን ሲያዩ በቅሎዋን አቁመው ፊታቸው ከሰል መሰለ።

«ዳስ? ወንድሜ ሞቶ ነው ዳስ የጣላችሁ?»

«ኧረ አልሞቱም እትዬ! ተኝተው ነው!» ብዬ ሮጬ ልጓሙን ያዝኩ።

የፈሩት ፍርሃት ወደ ቁጣ ተለወጠ። «ተኝቶ ከሆነ ምን ይገትርሻል? ዞር በይ፣ ልግባ!»

መንገዱ ላይ ቆምኩ። «እትዬ፣ አሁን አይግቡ።»

ዳሱ ውስጥ ቆሎ ሲቆረጥም የነበረው ሁሉ ማላመጡን አቆመ።

«ማን? እኔ?» አሉ። «ያንን ልጅ በዚህ ጀርባዬ ነው ያሳደግኩት!»

«ለዚያ ነው የምለምንዎት። ቁስሉን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሊከፈት ምንም አልቀረውም ነበር። እርስዎን ካዩ ዘለው ይነሣሉ። ተነሥተው ጉልበትዎን ሊስሙ ያጎነብሳሉ። የሚገድላቸው ያ ማጎንበስ ነው።» ከመንገዱ ፈቀቅ አላልኩም። «መጀመሪያ በሩ ላይ ጆሮዎን ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ልብዎ ግቢ ካለዎት ይግቡ፤ እኔ አልከለክልዎትም።»

አፍጥጠው አዩኝ። ከበቅሎ ወረዱ። ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ዳገቱን ወጡና በሩ ላይ ጆሯቸውን አደረጉ። ከታች ሆነን እናያለን። ብዙ ቆዩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነው።

«ሕፃን ሆኖም እንዲሁ ነበር የሚያንኮራፋ» አሉ። ከዚያ ዳሱ አፍ ላይ፣ መተላለፊያው ላይ፣ ዘንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ሥራ ቀለለ። ገና ሰው ከመታጠፊያው ብቅ ሲል «ወዴት ነው? ተቀመጥ! ወንድሜ ተኝቷል!» ይላሉ። ቅር ብሎት የሚያጉረመርም ካለ «እኔ እህቱ ተቀምጬ አንተ ልትገባ ነው?» ሲሉት አጎዛውን ፈልጎ ይቀመጣል። ወንድማቸውን እሳቸውም ያዩት ነቅተው፣ ተጋድመው እያሉ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ነው። «እንዳትነሣ!» ብለው ገና ከበሩ ጮኸውባቸው።

ሞላና ዘለቀ የመጡትም በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ቦይ ምክንያት የከረመ ጸብ ላይ ናቸው፤ ሕመም ጥየቃ ብለው ዶሮ ይዘው፣ ጉዳያቸውን ግን በሆዳቸው ይዘው መጡ። እትዬ የሻረግ አንድ አጎዛ ላይ አስቀመጧቸው። መጀመሪያ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ብርዱ ሲመጣ ዘለቀ ጋቢ እንዳልያዘ ታየ፤ ሞላ ወዲያ እያየ የጋቢውን ጫፍ ወረወረለት። ከአንድ ሰፌድ ቆሎ ሲያነሡ እጃቸው ተጋጨ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ በእንጨት መሬቱ ላይ ቦዩን ሲሥል ሌላው «እሱስ እዚህ ጋ ነው የሚታጠፈው» ሲል ሰማሁ። ፀሐይ ሳትገባ ተነሥተው «ለአያ ካሴ ጨርሰናል በይልን» አሉኝ።

ይህን ለአባዬ ስነግራቸው ዓይናቸውን ከፈቱ። «ያለ እኔ?»

«ያለ እርስዎ።»

«እንግዲህ ሥራም ፈታሁ በሉኛ!» ብለው የተቆጡ መሰሉ፤ ግን ያን ማታ በደስታ ነው የተኙት።

ቁስሉ በየቀኑ ሲደርቅ በዓይኔ አየሁት። ቅላቱ ጠፋ፣ ውኃው ደረቀ፣ ቆዳው ከቆዳው ገጠመ። ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳሱ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ አንድ ሰው ነጭ ለብሶ ዘንግ ይዞ ከላይ ከግቢያችን ቀስ እያለ ወረደ። ለቅጽበት ማን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ዳሱ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመና ወደ እትዬ የሻረግ ዝቅ ብሎ ተመለከተ።

«አያ ካሴን ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። መግባት ይቻላል?»

እትዬ የሻረግ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። «አይቻልም! ተኝቷል! ተቀመጥ!»

አባዬ ሣቁ። ከሆዳቸው ሣቁ፤ አንድ እጃቸው ዘንጉ ላይ፣ ሌላው አየር ላይ ሆኖ። ሴቶቹ ዕልልታውን ለቀቁት፣ ወንዶቹ ተነሥተው አጨበጨቡ፤ ደጅ መከልከል ያስተምራል ያሉት ሽማግሌ መጥተው በሰው ፊት ግንባሬን ሳሙኝ። እማዬ ደግሞ ማጀት ገብታ የዶሮ ወጥ ልትሠራ መሮጥ ጀመረች፤ ዶሮ እንደሆነ ሞልቷል።

አባዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አርሰዋል፣ ብዙ ሰው አስታርቀዋል። በዚያ ቀበሌ አሁንም ሰው ሆዱን ተሰፍቶ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ጎረቤት መጀመሪያ የሚያደርገው ዳስ መጣል ነው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ ወጣት የለም፤ እኔም አልነግራቸውም። ልማድ ሆኖ መቅረቱ ይበቃኛል።

ሽሮዬን ነፍቼ እንደጨረስኩ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ አልጋነሽ ሄድኩ። ሰዓቱ ሰው የማይበዛበት ነበር። እጄ ባዶ ነው። ዳስ የሚያስፈልጋት መስሎኝ ነበር፤ አልጋነሽ ግን እንቅልፍ ሞልቷታል፣ ሰውም ትወዳለች። አባቴን የጎደለው ሁሉንም የሚጎድለው እንዳይመስለኝ ራሴን ገሠጽኩና ዝም ብዬ ጠየቅኋት።

«አልጋዬ፣ እውነት ንገሪኝ፣ ምን አማረሽ?»

ሣቀች። ከዚያ እጇን ወደ ሻሿ አነሣች፤ ግማሽ መንገድ ደርሶ ስፌቱ ሲይዛት መልሳ አወረደችው። «ጸጉሬን» አለችኝ። «ሐኪም ቤት ከገባሁ ጀምሮ ውኃ አልነካውም። ሰው በመጣ ቁጥር ሽታዬ የሚሰማው እየመሰለኝ እሸማቀቃለሁ። ይህን ለማን እላለሁ?»

ውኃ አሞቅሁ። ጭንቅላቷን በአልጋው ጫፍ አስደግፌ፣ ከሥሯ ሳፋ አድርጌ፣ በቀስታ ሁለቴ አጠብኳት። ቅቤ ቀባኋት። ሰላም ከሥራ ስትመለስ ጠራኋትና ጉንጉኑን እሷ ሠራችው፤ የእሷ እጅ ከእኔ እጅ ይሻላል። ስንጨርስ አልጋነሽ መስታወት አስመጣች፣ ወዲያና ወዲህ እያለች ራሷን አየች። ደጅ ላይ ባጃጅ ቆመ።

«ይግቡ!» አለች፣ እንደ ሙሽራ ቀና ብላ።